ክርስቶስ ሠምራ በኑግ ዘይት

ጥቅምት 8 ቀን 1988

ስድስተኛ «ሀ» ዛሬ ሙዝ ሣሉ። አርባ ሰባት ሙዝ አረምኩ። አንዱ ጀልባ ይመስላል... ማርክ ሰጠሁት፤ ሐይቁ ቅርብ ነው።

ከሰዓት አቶ ማርቆስ መጡ፤ የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ። በምሥራቁ መስኮት ባለቀለም መስታወት ሊገባ ነው፣ የክርስቶስ ሠምራ ሥዕል ያለበት። እኔ ንድፉን በውሃ ቀለም እሠራለሁ፤ አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ወደ መስታወት ይገለብጠዋል። በር ላይ ዞር ብለው፣ «መነን፣ አደራ፣ ፈረንጅ እንዳታስመስያት። ያገራችንን ሰው አድርጊያት» አሉኝ።

አደራውን ተቀብያለሁ።

ጥቅምት 15

የማንን ፊት? የዘመዶቼን ሁሉ ገመገምኩ። ለሊቀ መንበርነት ይሆናሉ፤ ለቅድስና ግን...

ሲቀላ ሰፈር ገበያ ወረድኩ። ጀበና ሻጯ ሻሺቱ እንደ ወትሮው ዳር ላይ፣ ብቻዋን። ደጋ ላይ ሸክላ ሠሪ ከሌላው ጋር አይጋባም፣ መቃብሩም ለብቻ ነው። ቆላ ቢወርዱም ዳሩ ተከትሏቸዋል። ያን ፊት ስንት ዓመት ሳላየው አለፍኩ?

ልሣልሽ ብላት፣ «ፊቴን ምን ልታደርገው?» አለችኝ። ወንድና ሴት አትለይም፤ በሷ አማርኛ ሁሌም ወንድ ነኝ።

«የቤተ ክርስቲያን መስኮት።»

«ሰው በፊቴ በኩል ውጭ ሊያይ?»

«ብርሃን ሊገባብሽ።»

«ይግባ።»

ኅዳር 2

አለቀ። ጉንጯ ላይ የነበረችውን የጭቃ ፍንጣቂ ልተዋት ብዬ ነበር... ሣልኳት።

ኅዳር 5

ኮሚቴው አደነቀ። «ግርማዋ!» አሉ። አቶ ማርቆስ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ከዚያ ወይዘሮ በለጥሽ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ውይ! ይቺ ጀበና የምትሸጥልኝ ሴትዮ አይደለችም?»

አቶ ማርቆስ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

«ሸክላ ሠሪዋ?»

«ያገራችን ሰው ብለውኝ ነበር።»

«ያገራችን ሰው ስል... ያገራችንን ሰው ማለቴ ነው።»

«አዳምም እኮ የተበጀው ከጭቃ ነው።»

«አትፈላሰፊብኝ። በሳምንት ውስጥ ፊቷን ብቻ ቀይሪ። አለዚያ ሥዕሉ ይቀራል።»

ፊቷን ብቻ! የውሃ ቀለም አይፋቅም፤ ወረቀት የጠጣውን አይተፋም። ቢተፋስ... እፍቃለሁ?

ኅዳር 9

ለሻሺቱ ነገርኳት። ልዋሻት አስቤ ነበር፣ አልሆነልኝም። ጀበናዋን ማሸት አላቆመችም።

«በጀበናዬ ይጠጣሉ። ፊቴን ይፈራሉ።» ጀበናውን አገላብጣ፣ «ያ ሴትዮ ምን ሠራ?»

ቅድስቲቱን ማለቷ ነው። «ዲያብሎስን ከእግዜር ላስታርቅ ብላ ሲኦል ድረስ ወረደች።»

«ታረቀ?»

«እምቢ አለ።»

«እሷ ግን ሄደ?»

«ሄደች።»

«እንግዲያ አንተም ሂድ።»

ኅዳር 12

ሄድኩ። ያንኑ ሥዕል ይዤ።

«ያችው ናት!» አሉ አቶ ማርቆስ።

«ያችው ናት።»

«ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ?»

«ክርስቶስ ሠምራ ዲያብሎስን ሞክራዋለች። ኮሚቴ ግን አልሞከረችም። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

ማንም አልሳቀም። በመስኮቱ ተራ መስታወት ይግባ ተባለ። ሥዕሌን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ኅዳር 20

ቤቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መስኮት አለኝ። መስታወትም አለው... ታዲያ ምን ጎደለኝ?

ሻሺቱን ጠየቅኳት። የሷ ፊት ነው፣ ወሬውም በሷ ላይ ነው የሚመጣው። «ለጥፍ» አለችኝ።

ወረቀቱን በጀርባው የኑግ ዘይት ቀባሁት። ብርሃን ማሳለፍ ጀመረ። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙሬ ለጠፍኩት። ቤቱ ኑግ ኑግ ይላል።

ኅዳር 24

የክርስቶስ ሠምራ ወርኀዊ በዓል። ገና ጎህ ሳይቀድ አምፖሉን ከኋላዋ አበራሁና ደጄ ላይ ቆምኩ። ለቅዳሴ የሚሄድ ሰው ያልፋል። ሦስቱ ተሳለሙ። አንዱ፣ «እሰይ፣ መስኮቱ ገባ እንዴ?» አለ።

ከዚያ ወይዘሮ በለጥሽ። ቆሙ፣ ማማተብ ጀመሩ። ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ... እዚያ ላይ ለዩዋት። እጃቸው ቀጥ አለ። ሻሺቱን አዩ። እኔን አዩ። መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ።

ወደ ቀኝ ትከሻ አሻገሩት። ጨረሱት። ምንም ሳይሉ ሄዱ።

ኅዳር 27

ሞቀኝ። መስኮቱን ግን አልከፍተውም፤ ብከፍተው ፊቷ ከመንገዱ ይዞራል።