የሌለው ጉድጓድ በትእዛዝዎ መሠረት ስለመደፈኑ

ለተከበሩ የውሃና ፍሳሽ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ከአጥራችን በላይ ባለው ባለሰገነት ቤት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ አፍንጫዎ እንዴት እንደሰነበተ ለማወቅ ጓጉቻለሁ። እኛ፣ እርስዎ ይመስገኑ፣ ደህና ነን። ምስጋናዬን ቢሮዎ መጥቼ እንዳላቀርብ ጸሐፊዎ ሰሞኑን ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለምትነግረኝ፣ በአደባባይ ማቅረቡን መርጫለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። እናቴ እግሯ ከከዳት ወዲህ የምትውለው በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በሯ ወደ ጓሮ ይከፈታል፤ ጓሮው ግን ጉብታና ድንጋይ ስለነበረ ተሽከርካሪ ወንበሯ አይሄድበትም። ስለዚህ መሬቱን ደልድለን፣ ከበሯ እስከ ሎሚው ዛፍ ድረስ መንገድ ልናነጥፍላት ሥራ ጀመርን። አትክልተኛው ከሎሚው አጠገብ ሲቆፍር ዶማው ብረት ነካ። ሰውየው ወሬ አይጠላምና የተቀበረ ሀብት አገኘሁ ብሎ ቤቱን ሁሉ ጠራ፤ አጎቴማ ክዳኑ ሳይነሳ ድርሻውን መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ክዳኑ ሲነሳ ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን ወደ ኋላ ሸሸን፤ አጎቴም ድርሻውን በሙሉ ለአትክልተኛው ተወለት።

የተገኘው እስከ አፉ የሞላ የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። የእኛ ቤት ፍሳሽ በፊት ለፊት ወደ መንገዱ ስለሚወጣ የእኛ ሊሆን አይችልም። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ብናስፈትሽ፣ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ቱቦ የሚመጣው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ተገኘ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ቤት ደግሞ፣ ክቡርነትዎ፣ የእርስዎ ብቻ ነው። ክዳኑ ከተነሳ ወዲህ እርስዎ ቤት ልብስ በታጠበ ቁጥር እኛ ጓሮ አረፋ ይነሳ ነበር፤ ሳሙናዎ ጥሩ መዓዛ እንዳለው ሳልመሰክር አላልፍም።

ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ አንድ ጊዜ መጥተው እንዲያዩልን እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሼ ለመንኩዎ። እርስዎ ግን ከሰገነትዎ ላይ ሆነው ማየት ስለሚችሉ መምጣት አላስፈለገዎትም። በየጠዋቱ ጥርስዎን እየቦረሹ ጓሯችንን ስለሚጎበኙልን ከልብ እናመሰግናለን።

፪ኛ፦ ካርታ አስገልጠው፣ በተባለው ቦታ ምንም ዓይነት የፍሳሽ ጉድጓድ እንደሌለ አስረዱኝ። ካርታው በእርግጥም አይሸትም።

፫ኛ፦ የእናቴን ነገር ባነሳሁ ጊዜ፣ በሠራተኞችዎ ፊት፣ «ከቤት ለማትወጣ አሮጊት ጓሮ ምን ያደርግላታል?» አሉኝ። ሠራተኞችዎ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ፈገግታዬንም እንደ አክብሮት ቆጠሩልኝ። ደሜ ፈልቶ ነበር፣ ክቡርነትዎ። ቤት ስገባ እናቴ ምን አለሽ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ስብሰባ ላይ ነው ብዬ ዋሸኋት። እናቴን ያስዋሸኝን ሰው ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገር አልሞከርኩምም።

ታዛዥ ዜጋ የሆንኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ጉድጓድ ከሌለ እንግዲያው ይህንኑ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ በትሕትና አመለከትኩ። እርስዎም በግቢያችን ሥር የሚያልፍ የማንም ሰው መስመር እንደሌለ፣ ቦታውንም ደፍነን እንደፈለግን ብንሠራበት የሚነካ ጥቅም እንደሌለ፣ በፊርማና በማኅተም አረጋግጠው ሰጡኝ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብዬ ደግሜ ብጠይቅዎ፣ ጊዜዎን እንዳላባክን ነገሩኝ። አፈሩን መልሰን አልብሰን ዝም የምንል መስሎዎት እንደነበር እገምታለሁ።

እኛ ግን የተፈቀደልንን ሥራ ለይስሙላ አንሠራም። ጉድጓዱን አስመጠጥን፣ የቱቦውን አፍ ጠቀጠቅን፣ ከሥር እስከ ላይ በኮንክሪት ሞልተን ከላዩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍንበት። አሁን የእናቴ ወንበር ከበሯ እስከ ሎሚው ድረስ ያለ እንቅፋት ይሄዳል።

ከማክሰኞ ወዲህ የቤትዎ ሽንት ቤትና እቃ ማጠቢያ የተሰጣቸውን ሁሉ መመለስ እንደጀመሩ፣ አማቾችዎም ለምሳ ተጠርተው ምሳ ሳይበሉ እንደሄዱ ሰምተናል። በዚህ ጊዜ አዝናለሁ ማለት ወግ ነበር፤ ነገር ግን ለእርስዎ መዋሸት አልፈልግም። ልቤ ቅቤ ጠጥቷል።

ከቁልቁለቱ ሥር ሆና ለዓመታት ከቤትዎ የሚወርደውን ሁሉ ስትቀበል የኖረች፣ ከእንግዲህ ግን ሰላምታዎን ብቻ ለመቀበል የተዘጋጀች፣ ትእዛዝዎን ከቃሉ ዝንፍ ሳታደርግ የፈጸመች

የታች ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ኮንክሪቱን ሊሰብሩ መሣሪያ ተሸክመው የመጡትን ሠራተኞችዎን በአክብሮት አስገብቻቸዋለሁ። ማኅተምዎን ባሳያቸው መሣሪያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እናቴ ወንበሯን ልክ በዚያው ቦታ ላይ አቁማ ፀሐይ ትሞቅ ነበርና፣ «ልጆቼ፣ በእናንተ አልቀየምም፤ ከዚህ የምነሳው ሰውየው ራሱ መጥቶ እባክዎ ይነሱልኝ ሲለኝ ነው» አለቻቸው። ቶሎ ይምጡ ብዬ ግን አላስቸግርዎትም፤ እናቴ ገና ፀሐዩን አልጠገበችውም።