«ባዶ» ስለተባለችው የሐሙስ ክፍላችን

ለክቡር ዶቶሬ፣
«ያልተወለዱ አውራጃዎች» ለተባለው ኤግዚቢሽን ዋና ዳይሬክተር፣
ሮማ

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎን ለይቼ የጠየቅሁት በምክንያት ነው። እኔ ለተ ማርያም አስመላሽ እባላለሁ፤ በካስትሮ ፕሬቶሪዮ ከጥንቱ ግንብ ጀርባ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ሕንፃ ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል የሚሰበሰበው የሐሙስ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን በሰው ቤት እያደሩ አረጋውያንን የሚንከባከቡ፣ እዚህ አገር ባዳንቴ የሚባሉ ሴቶች ናቸው። ከእሑድ ሌላ የምናርፈው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ስለሆነ ማኅበሩን በቀኑ ሰየምነው።

ባለፈው ሳምንት በፊርማዎ የደረሰን ደብዳቤ፣ የጽሕፈት ቤቱ የቀድሞ ዳይሬክተር በቃል ፈቅደውልን አሥራ አንድ ዓመት የተገለገልንባት ክፍል «ባዶ» ሆና ስለተገኘች ወደ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ እንደምትጠቃለልና እስከ ወሩ መጨረሻ ቁልፏን እንድናስረክብ ያዛል። ስለ ጨዋ አጻጻፉ እናመሰግናለን፤ ውጡ መባልን እንዲህ አለስልሶ የነገረን ሰው እስካሁን አልገጠመንም። ቅሬታችንን እንደሚከተለው በትሕትና እናቀርባለን።

፩ኛ. ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ ከዳኑብ ወንዝ ማዶ የነበሩትን ነገዶች አገር ማርኮማኒያና ሳርማቲያ በሚሉ ሁለት አውራጃዎች ከፍለው ወደ ሮማ ሊጠቀልሉ አስበው እንደነበር የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ይህን ለማወቅ የእርስዎን ኤግዚቢሽን መጠበቅ አላስፈለገኝም። ዓይናቸው ለደከመ አንድ የታሪክ ፕሮፌሶሬ ዘጠኝ ዓመት መጽሐፍ ሳነብላቸው ኖሬያለሁ፤ ምሳቸውን አብልቼ፣ መድኃኒታቸውን አስውጬ፣ ከዚያ አብረን ወንዙን እንሻገር ነበር። በማስታወቂያዎ ላይ ባለው ካርታ ግን ከወንዙ ማዶ ያለው ምድር ነጭ ሆኖ ተቀብቷል፤ አንዲት ጎጆ እንኳ የለችበትም። እዚሁ ከተማ መሀል ለንጉሠ ነገሥቱ በቆመው ዓምድ ላይ ጎጆ ሲቃጠል፣ እናት ልጇን ይዛ ስትሸሽ ተቀርጿል። በባዶ አገር ጎጆውን ማን ሠራው? የዚያን ዘመን ወታደሮች ቢያንስ የሚያባርሩትን ሰው አይተውታል። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሳያይ ማባረር በመቻሉ፣ ስለ መሻሻሉ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

፪ኛ. ተቆጣጣሪዎ ክፍሏን የጎበኙት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ጠዋት እኛ የት እንደምንገኝ በዚህ ከተማ ያረጀች እናት ያለችው ሰው ሁሉ ያውቃል።

፫ኛ. በዚህኛው ጥፋቱ የራሳችን ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ሰው ሊመጣ ነው ሲባል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ክፍሏን አጸዳን። እንግዳ እየመጣ ጓዳን አዝረክርኮ መጠበቅ አልለመደብንም። ተጣጣፊውን አልጋ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ሻንጣዎቹን ከመጋረጃው ኋላ ሸሸግን፣ ወንበሮቹን እቃ ቤት አስገባን፣ ወለሉንም እንደ ሙያችን አበራነው። ተቆጣጣሪዎ ገብተው አዩና «የሰው አኗኗር ምልክት የለም» ብለው ጻፉ። በሰው ቤት ስንሠራ ኖረን እንዲህ ያለ የሙያ ምስክር ወረቀት ተሰጥቶን አያውቅም። እኅታችን የሻረግ ይህ ሲነበብላት፣ «አሎራ፣ ታዲያ እኔስ የት ሄድኩ?» አለች። ያ አልጋ የእሷ ነውና፤ ያን ጠዋት ሥራ ልትጠይቅ ወጥታ ነበር። ስምንት ዓመት ያስታመመቻቸው ሴትዮ የዛሬ ሦስት ሳምንት አርፈው፣ በቀብሩ ማግስት ልጆቻቸው የቤቱን ቁልፍ ተቀበሏት። እኛ የምናስታምመው ሰው የሞተ ዕለት ቤት አልባ እንሆናለን፤ ሌላ ሥራ እስክናገኝ የምናድረው በዚያች ክፍል ነው። ፕሮፌሶሬዬ ሲሞቱ እኔም አራት ወር አድሬባታለሁ። ያኔ ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ስቆም የተሰማኝ ፍርሃት ዛሬም አልለቀቀኝም። እዚህ ላይ ቀልዴ ስለጠፋብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፬ኛ. ክፍሏን ከለቀቅን በኋላ «በቅድሚያ ስናመለክት በየሦስት ወሩ አንድ ከሰዓት» በመግቢያው አዳራሽ መሰብሰብ እንደምንችል ፈቅደውልናል። ንጉሠ ነገሥቱም ነገዶቹን ከወንዙ ዳር አርቀው፣ ለገበያ የሚመጡበትን ቀንና ቦታ ቆርጠውላቸው ነበር። ከታሪክ መማር ማለት ይህ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገሬ ሰው፤ እርስዎ ግን ባለቤት መኖሩን ስላላወቁ፣ ንቀውናል ብዬ ልከስዎ እንኳ አልችልም። የንጉሠ ነገሥቱም ሁለት አውራጃዎች ላም አለኝ በሰማይ ሆነው ቀርተዋል፤ እሳቸው ሞቱ፣ ልጃቸው ታርቆ ተመለሰ፣ ነገዶቹም እዚያው ከረሙ።

ስለዚህ የፊታችን ሐሙስ ከሰዓት መጥተው ክፍሏን በራስዎ ዓይን እንዲያዩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የዚያን ዕለት እንደማናጸዳ ቃል እንገባለን።

እግዚአብሔር ካርታዎን ነጭ፣ ሕሊናዎን ንጹሕ አድርጎ ያቆይልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ በሌሉት የማኅበራችን አባላት ሁሉ ስም ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

ለተ ማርያም አስመላሽ
የሐሙስ ማኅበር ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ እናትዎን ላለፉት ስድስት ዓመታት የምትንከባከበው ዓይናለም የማኅበራችን አባል ናት፤ የእሷን የሥራ ውልም የእኛን ማስለቀቂያም የፈረሙት እርስዎ ነዎት። እናትዎ ሐሙስ ከሰዓት ብቻዬን አልቀመጥም ስለሚሉ፣ በዕረፍት ሰዓቷ እጃቸውን ይዛ ወደ ክፍላችን ታመጣቸዋለች። እቃ ቤት ካስገባናቸው ወንበሮች አንዱ የእሳቸው ነው። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው ብለን ከልብ እንጸልያለን፤ እሳቸው ያረፉ ዕለት ዓይናለም ከቤትዎ ወጥታ የምታድረው፣ ባዶ ናት ብለው በፈረሙባት ክፍል ነውና።