ግፊቱ ሳይወጣ እንዳትነካው

ይድረስ ለመስፍኔ፤

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ አይመጣም። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ንዴቴ በርዷል ማለቴ አይደለም፤ እየተናደድኩ እበላለሁ፣ እየተናደድኩ እሠራለሁ ማለቴ ነው። ሰው ለሞተበት ያለቅሳል። እኔ ካለቀስኩልህ ይልቅ የሰደብኩህ ሳይበዛ አይቀርም። ታውቀኝ የለ፣ አይገርምህም።

ቤታችን ያው ፉሪ ነው። ከፊታችን የነበረው ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ ተሠርቶ የጠዋት ፀሐያችንን ወሰደብን። ልጃችን ህሊና ረዝማ ያንተን ጥቁር ጃኬት መልበስ ጀምራለች፤ እጅጌው ላይ ያለውን የነጭ ቀለም ነጠብጣብ ላስለቅቅ ስል እንደ ትልቅ ሰው ትቆጣኛለች። የመኝታ ቤታችን በር ደግሞ መሃሉ ተሰንጥቋል። በእግሬ የመታሁት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ። ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። ያንን የቀለም መርጫ ማሽን አልጣልኩትም፣ እየሠራሁበት ነው። የወንድምህን የደረጀን ክንድም ሰብሬዋለሁ።

ቆይ፣ አትቆጣ። ከሥሩ ልንገርህ።

እኔና አንተን ያገናኘን ድብድብ እንደሆነ ረስተህ ከሆነ ላስታውስህ። ላፍቶ፣ ገና ባልተለሰነ ሕንፃ ላይ እኔ ሲሚንቶ ተሸካሚ፣ አንተ ቀለም ቀቢ ነበርክ። ፎርማኑ ባልዲ ደፋሽ ብሎ በጥፊ ሲያጮለኝ አንተ መሰላል ላይ ነበርክ። ወረድክ። የያዝከውን የአንቲሩጅኔ ቆርቆሮ፣ ያንን ለብረት የሚቀባ ቀይ ቀለም፣ እንዳለ ራሱ ላይ ገለበጥክበት። ዘበኞቹ መሬት ላይ ጥለው ረገጡህ። የፊት ጥርስህ እዚያው አሸዋው ላይ ቀረ። ፊትህን ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ በራሰ ጨርቅ ስጠርግ ደሙ የቱ፣ ቀለሙ የቱ እንደሆነ አልለይ አለኝ፤ አንተ ደግሞ አኳራጁ ባቃጠለው ከንፈርህ ሳቅክ። ሁለታችንም በዚያው ቀን ተባረርን። እኔ ያን ቀን ወደድኩህ።

ከዚያ ወዲህ ከጎንህ አልተለየሁም። መስታወት በጋዜጣ መሸፈን፣ ማጠፊያና እጀታ በስኮች ፕላስተር መጠቅለል፣ ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ሁሉንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አንድ ሌላ ነገርም አስተምረኸኛል። በኮምፕሬሰር ስትቀባ የመርጫው አፍ ቀለም በያዘ ቁጥር በአውራ ጣትህ ጠረግ ታደርገዋለህ፣ የልጅ ንፍጥ እንደሚጠርግ ሰው። እኔም ደረጀም ካንተ አይተን እንደዚያው ለመድን። የዚያ የአሮጌው ኮምፕሬሰር አየር ጣት ላይ ቢነፋ ከመኮርኮር አያልፍም ነበር። ከልማድ ሁሉ ይህችን ልማድ ሰጥተኸን ሄድክ።

ኤርለሱን፣ ያንን የቀለም መርጫ ማሽን፣ ያመጣህ ቀን እንዴት እንደፈነጠዝክ አልረሳውም። ወርክሾፑን ከሚዘጋ ሰው ነበር የገዛኸው። ሰውየው እንዴት እንደሚነሳ አሳየህ፣ እንዴት እንደሚጠፋ ግን አላሳየህም፤ አንተም አልጠየቅክም። ይሄ አየር የሚነፋ አይደለም፣ ቀለሙን ራሱን በፓምፕ ጨምቆ በመርፌ ቀዳዳ በምታህል አፍ የሚያስወጣ ነው እያልክ ለጎረቤት ሁሉ ስትሰብክ ሰነበትክ። አፉ ላይ ያለችውን ቢጫ መከለያ ግን ቀለም ታንጠባጥባለች ብለህ በመጀመሪያው ቀን ነቅለህ ጣልካት። አንተ ግትር። ያቺ መከለያ ጣትህን ለማራቅ የተሠራች ነበረች።

የተጎዳህ ቀን ላፍቶ፣ የአንድ አፓርታማ በሮች እየቀባን ነበር። እኔ ካንተ ትንሽ ራቅ ብዬ ተንበርክኬ መቃኑ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። አፉ ተደፈነብህ፣ ተራገምክ፣ አውራ ጣትህን ሰደድክ። ዓይኔ እያየ ነው። ንብ ነደፈችኝ አልክ። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ፣ ዙሪያዋ ነጭ ቀለም። ጨመቅካት፣ በአኳራጅ አጠብካት፣ የእኔን ስኮች ጠቀለልክባትና እስከ ማታ ስትቀባ ዋልክ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብልህ ለዚችማ ብዬ ሰው አላስቅም ብለህ ቀለድክብኝ።

በማግስቱ እጅህ እንደ ሊጥ ተነፋ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጣቶችህ ጠቆሩ። ሐኪሞቹ ሲከፍቱት ቀለሙ በቆዳህ ሥር እስከ ክርንህ ሄዷል፤ ያ ሁሉ ነጭ ቀለም ሥጋህ ውስጥ ነበር። ያኔውኑ መጥቶ ቢሆን አለኝ ዶክተሩ፣ ቀጥሎ ያለውን አልጨረሰውም። እጅህን ቆረጡ፣ ከዚያ ክንድህን ቆረጡ፣ መርዙ ግን ደምህ ውስጥ ገብቶ ቀድሟቸው ነበር። ስትጮህ አንሶላውን ነከስክ፣ አንሶላው ሲቀደድ የእኔን ክንድ ነከስክ። ጠባሳው አሁንም አለ። መሃሉ ላይ ክፍት ነው፤ ለእኔ ብለህ ያጣሃት ጥርስ ቦታ።

ተዝካርህ በተበላ ማግስት መዶሻ ይዤ ማሽኑ ላይ ወጣሁበት። ሽፋኑን ጨረማመትኩት፣ ቱቦውን በጥርሴ ሁሉ ልበጥስ ምንም አልቀረኝም። ደረጀ ነው ከወገቤ ይዞ የጎተተኝ። በክርኔ አፍንጫውን ብዬው ደም በደም ሆነ፣ አልለቀቀኝም። ከሱ የተረፈን ይሄ ብቻ ነው፣ ይሄንንስ ሰብረሽ ምን ልትበይ ነው አለኝ። እውነቱን ነበር። ማሽኑን ብንጠላውም እንጀራችን ነበር፤ ሁለታችንም አጠገቡ ተቀምጠን አለቀስን።

ነፋስ ስልክ የቤት ዕቃ የሚሠሩትን ጋሽ ሸምሱን ታውቃቸዋለህ፣ በሮቻቸውን ቀብተንላቸዋል። እንደዚህ ያለ ማሽን ስላላቸው እንዲያስተምሩኝ ሄጄ ለመንኳቸው። ቀለም ከመንካቴ በፊት ብዙ ቀን ውኃ ብቻ አስረጩኝ። የሚያስተምሩት በምላስ አይደለም። በእጃቸው የቱቦ ቁራጭ ይይዛሉ፤ አውራ ጣቴ ወደ መርጫው አፍ ፈቀቅ ባለች ቁጥር እጄን ይገርፉኛል። እኔ ሳላስበው ነው እጄ የሚሄደው፤ አንተ ነህ ውስጡ ያለኸው። ያበጠ እጄን ይዤ በታክሲ ወደ ፉሪ ስመለስ ሰው ባሏ ደብድቧት ነው ይል ነበር። አልተሳሳተም፣ ያስመታኝ ያንተው ልማድ ነው።

ሞተሩን ማጥፋት። መርጫውን ወደ ባልዲ አዙሮ ቃታውን ስቦ የታመቀውን ማስወጣት። የመመለሻውን ቁልፍ መክፈት። ቃታውን መቆለፍ። ከዚያ በኋላ ብቻ አፉን መንካት። ይህንን እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር እስክለፈልፈው አልለቀቁኝም።

መቀባቱንማ ወደድኩት፣ ምን ልበልህ። መጀመሪያ የበሩ ጠርዝ፣ ቀጥሎ መሃሉ። ስንዝር ተኩል ያህል ርቀህ፣ ክንድህን ከበሩ ጋር እኩል ታስኬደዋለህ። እንደ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ካወዛወዝከው መሃሉ ይወፍራል፣ ዳሩ ይሳሳል። እጅህ መሄድ ከጀመረ በኋላ ቃታውን ትስባለህ፣ ሳይቆም ትለቃለህ። እኔ ግን የመጀመሪያውን በር የቀባሁት እቤታችን፣ በንዴት ነው። ግፊቱን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ቆሜ ረጨሁበት። ቀለሙ ተንዠረገገ፣ በሩ ሁሉ እንባ በእንባ ሆነ። ያን ጊዜ ነው በእግሬ ያልኩት። ህሊና መጥታ ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከሁሉ ይልቅ እሱ ከነከነኝ።

ደረጀ ግን ጋሽ ሸምሱ ጋ አልሄድም አለ። ወንድሜ ያስተማረኝን ሌላ ሰው አያስተምረኝም አለ። ስንት ጊዜ ተጣላን መሰለህ። አንድ ቀን የቀለም ቆርቆሮ ወረወርኩበት፣ ሌላ ቀን እሱ መሰላሉን ገፍቶ ጣለኝ። ባል ገዳይ ብሎ የሰደበኝም ቀን አለ። ያን ቀን ፊቱን ቧጨርኩት፣ በበነጋው አብረን ወደ ሥራ ሄድን። ምን እናድርግ፣ የቀረን እሱ ነው፤ ለእሱም የቀረነው እኔና እናትህ ነን።

ሰኔ መግቢያ ላይ ነፋስ ስልክ አንድ መኖሪያ ቤት ገባን። በሮቹን አውልቀን በረድፍ አቁመናል፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን ዘኮሎ ሸፍነናል። ደረጀ ነው የሚረጨው። እኔ በሮቹ እንዳይነካኩ መሃላቸው የማስገባውን ሞራሌ፣ ያንን ወፍራም እንጨት፣ ይዤ በኋላው ቆሜያለሁ። እኔ በአዲስ የተካኋትን ቢጫ መከለያ ነቅሎ ኪሱ ከቷታል። አላየሁትም ነበር።

አፉ ተደፈነበት። ተራገመ። መርጫውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ፣ ጣቱ አሁንም ቃታው ላይ ነው፣ ሞተሩ አልጠፋም። ቀኝ አውራ ጣቱን አወጣ። መስፍኔ፣ አንተን ነው ያየሁት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጫፍ ብቅ አድርጎ። ተው ብዬ ልጮህ እችል ነበር፤ ሁለታችሁም ተው ስትባሉ ሰምታችሁ አታውቁም።

ሞራሌውን በሙሉ ጉልበቴ ክንዱ ላይ አሳረፍኩት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፣ አሁንም ይሰማኛል። የግራ እጁ ደንግጦ ቃታውን ሲስብ የተደፈነው ቀለም ፈንድቶ ወጣና አጠገቡ የነበረውን ካርቶን በስቶ አለፈ። ደረጀ ካርቶኑን አላየም። መርጫውን ጥሎ በግራ ጡጫው አፌን ብሎ ከንፈሬን ሰነጠቀው። ወደቅኩ፣ እሱም በላዬ ወደቀ፣ እርጥቡን ቀለም ለብሰን ተንከባለልን። አንቆ ሊገድለኝ ነበር። አልታገልኩትም፣ በጣቴ ካርቶኑን ብቻ አሳየሁት። ቀዳዳዋን ባየ ጊዜ እጁ ላላ። ከዚያ የተሰበረውን ክንዱን ታቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ክንዱ ላይ ጌሶ ተደረገለት። ፖሊስ ጣቢያ እከስሻለሁ ብሎ ነበር፣ ሐኪሙ ሲጠይቀው ግን ከመሰላል ወደቅኩ አለ። እናትህ ሰፈር ሁሉ እያየ መጥተው በጥፊ መቱኝ። አንዱን ቀበርኩ፣ የቀረኝንም ልትገድዪብኝ ነው አሉ። ጉንጬን ሰጠኋቸው፣ ደገሙኝ። ሦስተኛውን ሲያነሱ ደረጀ ከቤት ወጣ። ከጌሶው ጫፍ የወጣችውን አውራ ጣቱን አነቃነቀና እማዬ፣ ይህቺን ጣቴን እዪያት፣ አሁንም በቦታዋ አለች አላቸው። እናትህ ያነሱትን እጅ ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ከዚያ ጣቱን ይዘው ሳሙት፣ ደጋግመው ሳሙት፣ እኔንም በዚያው እጃቸው አንገቴን አቀፉኝ።

አሁን ደረጀ ጋሽ ሸምሱ ጋ ይማራል። በቱቦ ቁራጭ ይገረፋል፣ ደስ ይለኛል።

ካንተ ጋር የቀረ አንድ ጠብ አለኝ። ጣትህን የሰደድክ ቀን ላፍቶ ላይ ከአጠገብህ ነበርኩ። ሞራሌም ነበረኝ። ባውቅ ኖሮ ክንድህን ሁለት ቦታ እሰብርልህ ነበር። ዛሬ የተጣመመ ክንድ ይዘህ፣ ሚስቴ ናት እንዲህ ያደረገችኝ እያልክ በፉሪ ሰፈር ሁሉ ስሜን ታጠፋ ነበር። እኔም ያልሰማሁ መስዬ አልፍህ ነበር። ያንን ስድብህን እንዴት እንደናፈቅኩት።

አልረሳህም። ሐውልት ላሠራልህ አቅም የለኝም፣ ፎቶህንም ብዙ አላይም፣ ያናድደኛል። ግን ማሽኑን ባጠፋን ቁጥር፣ የታመቀው ቀለም ወደ ባልዲው ሲወጣ፣ ቃታውን የሳበው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ መስፍን ይላል። እኔ እላለሁ፣ ደረጀም ይላል። ስምህ ሳይጠራ አፉን የሚነካ የለም። እኔ በሕይወት እስካለሁ እንዲሁ ይሆናል።

ክንድህን ለመስበር ያልደረሰችው ሚስትህ፣
ጥሩዬ