በቀይ የተሰረዘው ሸጋ

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

የልብስ ማጠቢያ ተራችን ዛሬ ነበር። ለሰላሳ አባወራ ሁለት ማሽን... ተራሽ ካለፈ አለፈ ነው፣ ስዊድን ይሉኝታ አያውቅም። ባለቤቴ ዳኛው አውቶቡሱን ሊነዳ በጠዋት ወጣ። ትንሿ ልጄ ሄለን አንድ እግሯን ብቻ ካልሲ አድርጋ ቤቱን ስትዞር አረፈደች። ስድስት ዓመት ሞላት፣ ሁለተኛዋ ካልሲ የት እንደገባች የምጠየቀው ግን እኔ ነኝ። ሽሮ ሠራሁ። ጾሙ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ታላቋ ባንቺአየሁ ከቅዳሜ ትምህርት ቤት በስምንት ሰዓት ተመለሰች። የአማርኛው ትምህርት ቤት፣ አበሾቹ ያቋቋምነው። ሌላ ቀን ገና ከደጅ ጀምራ ነው የምትለፈልፈው። ዛሬ ጫማዋን አውልቃ ቀጥ ብላ ወደ ክፍሏ።

"ምነው ባንቹ?" አልኩ።

ቆይታ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

"እማ፣ ፋራ ማለት ምንድን ነው?"

"ማነው ያለሽ?"

"ምን ማለት ነው?"

"ባላገር... ከተማ የማያውቅ ለማለት ነው። ማነው ያለሽ?"

"ሁሉም።"

ደብተሯን ገለጥኩት። ስለ ቤተሰብ አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አንብቡ ተብለዋል። የጻፈችው ስለ አባቴ ነው። "አያ አዘዘ የእናቴ አባት ናቸው። አምባ ጊዮርጊስ ይኖራሉ። ሸጋ ሰው ናቸው። በስልክ አንቱ እላቸዋለሁ። ምነው ሩቅ ሆኑ?"

የአሥር ዓመት ልጅ፣ እዚህ የተወለደች! ሁለቴ አነበብኩት።

አያ በቀይ ተሰርዟል፦ አያቴ። ሸጋ ተሰርዟል፦ ጥሩ። አንቱ፦ እርስዎ። ምነው፦ ለምን። ከታች ደግሞ አስተማሪዋ፦ "የገጠር አነጋገራችንን እናስተካክል። ጎበዝ!"

ጎበዝ አለችልኝ! ልጄን አራት ቦታ ቆርጣ ጎበዝ!

መጋቢት 7፣ እሑድ

እሑድ እሑድ ለአባቴ እንደውላለን። ሄለን ስልኩን ነጥቃ ስለ ካልሲዋ አወራቻቸው። "ሸጋ፣ ሸጋ" ይላሉ፣ ግማሹም ሳይገባቸው። ከዚያ "ባንቺአየሁስ?" አሉ። ስሟን ያወጡላት እሳቸው ናቸው። እናቴ በሞተች በዓመቱ ነው የተወለደችው። በስልክ "ባንቺ አየሁ በሏት" አሉና ዘጉት።

ጠራኋት። እምቢ አለች። ስልኩን ወደ ጆሮዋ ሳስጠጋ እጄን ገፋችው።

"ተኝታለች አባባ" አልኩ። በእኩለ ቀን። ልጄ እያየችኝ፣ ያውም በጾም!

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

አራት ቀን ሆነ፤ ከአፏ አንዲት የአማርኛ ቃል አልወጣም። በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ በስዊድንኛ ትመልሳለች። ራበኝ በስዊድንኛ። እምቢ በስዊድንኛ።

ሐምሌ ላይ አገር ቤት እንሄዳለን። ትኬት ቆርጠናል። አባቴ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ይቺን ልጅ በአካል አይተዋት አያውቁም። በምን ሊያወሩ ነው? በእጅ? እኔ በአባቴና በልጄ መካከል አስተርጓሚ ሆኜ ልቁም? አልቆምም! ሞቼ ነው የምቆመው።

ለወንድሜ ለክንዱ ደውዬ ነገርኩት፣ ጎንደር ነው ያለው። "በአነጋገሯ ሳቁባት፣ አባባን ለማናገር አፈረች" አልኩት። "ለአባባ እንዳትነግር!" አልኩት ደግሞ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ባንቹን ይዤ ወደ አስተማሪዋ ሄድኩላት። ባቡሩ ላይ ስለማመድ ነው የሄድኩት። "ሸጋን ማን ነው የሚሰርዘው? አንቺ ነሽ ያመጣሽው?" እላታለሁ። "ጎንደር ነገሥታቱ ሲቀመጡበት የናንተ ከተማ የት ነበረ?" እላታለሁ።

ቲቸር ሃና ቀጭን ልጅ ናት፣ ከሷ የሚበልጥ ቦርሳ ያዘለች። ቅዳሜዋን በነጻ ነው የምትሰጠው፣ ይሄን አልክድም። ገና ስታየኝ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። "ሌሎቹ እንዳይስቁባት ብዬ ነው እኮ" አለች። ከልቧ ነበር። አናደደችኝ እንጂ። ሳቁን ትታ ልጄን ታርማለች?

ተናገርኩ። ብዙ ተናገርኩ። ቤት ስገባ ዳኛው ድንች እየላጠ ነበር። "አበጠርኳት!" አልኩት። ያልኩትንም ያላልኩትንም ነገርኩት።

ባንቹ ከሶፋው ላይ ቀና አለች። በስዊድንኛ ነው ያለችኝ፦ "አንቺም እኮ 'ጥሩ' ነው ያልሻት። 'ለምን' ነው ያልሻት። አንድ ጊዜም ሸጋ አላልሽም። ከሷ ጋር ስታወሪ ድምፅሽ ይቀየራል።"

ዳኛው ድንቹን ትኩር ብሎ ማየት ጀመረ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

እውነቷን ነው... ትናንት "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለምን እንደተሰረዘ ለመረዳት ፈልጌ ነው" ነው ያልኩት። ራሴን ሰማሁት። ዜና አንባቢ!

ከመቼ ጀምሮ? አውቀዋለሁ ከመቼ። አዲስ አበባ፣ ኮሌጅ የገባሁ ቀን። ዶርም ውስጥ ስድስት ነን። አንዷ ቀሚስ ለብሳ "እንዴት ነው?" አለች። "ሸጋ ነው" አልኩ። በሳቅ ሞቱ። እስከ ማታ "ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው" እየተባባሉ። በማግስቱ "ጥሩ" አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ በገዛ እጄ ነው አፌን የቆረጥኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሸጋን ለአባቴ ስልክ ብቻ አስቀምጬ... ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል የሚባለው እኔን ነው። እና ልጄን ተናገሪ እላታለሁ። በምን ፊቴ?

በቃ። ከዛሬ ጀምሮ ቤትም ውጭም ያው አንድ አፍ ነው ያለኝ። የሚስቅ ይሳቅ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

አበሻ ሱቅ። "በርበሬው ሸጋ ነው?" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሻጩ ፈገግ አለ። "ከወዴት ነሽ እህቴ?" "ከወገራ!" ጎንደር እንኳ አላልኩም። ባንቹ ከረጢቱን ይዛ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ትናንት ለአባቴ ደወልን። እንግዳ ነገር... "እንኳን አደረሰዎ" ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "እንኳን አብሮ አደረሰን። እኛ በጥሩ ሁኔታ ላይ እንገኛለን። ልጆቹስ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ?"

አባቴ? "ይገኛሉ"? በሕይወታቸው እንዲህ ብለው አያውቁም። ተቀየሙኝ እንዴ? ልጄ ስልክ ስላላነሳች ነው? ወይስ አመማቸው? ክንዱን ጠየቅኩት። "ደህና ናቸው፣ ምን ይሆናሉ" ብሎ አሳጠረብኝ። የሆነ ነገር ደብቆኛል። ባንቹ ዛሬም አላወራቻቸውም።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ሰኔ ላይ የቅዳሜው ትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል አለ። "ከወላጅ አንድ ሰው ስለ ቋንቋችን ይናገር" ብለው የወላጆች የስልክ ቡድን ላይ ጻፉ። ስልሳ ወላጅ አንብቦ ጭጭ። እኔ እናገራለሁ አልኩ።

ዳኛው፦ "ተይ እባክሽ፣ ልጅቷን ይብስ ታሳፍሪያታለሽ።"

"እዚያው ጎንደር፣ አዘዞ ተወልደህ ነው ይሄን የምትለኝ?"

"አዘዞ ብወለድስ? ከነሱ ጋር ነው የምንኖረው።"

ሁለታችንም አኮረፍን። በኋላ ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ፣ ስኳር ረስቶ። ግን ከተሳሳትኩስ? ልጄ ጨርሳ ብትዘጋስ? ... ቢሆንም እናገራለሁ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ተናገርኩ።

እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ለማንም አልነግርም። ባንቹ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከእነዚያው ከሳቁባት ልጆች ኋላ። ወረቀት አልያዝኩም።

"እንዴት ዋላችሁ? እኔ ወርቅውሃ አዘዘ ነኝ። የወገራ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቼ ሸጋ ብል ተሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ጥሩ አልኩ። ሃያ ዓመት ጥሩ፣ ጥሩ ስል ኖርኩ። አንድም ነገር ጥሩ አልሆነልኝም።"

ሳቁ። ይሄኛው ደህና ሳቅ ነበር። ቀጠልኩ። አያ ማለት ክብር መሆኑን ነገርኳቸው፤ አንቱ ብዬ ያደግኩትን አባት እርስዎ ስለው የሌላ ሰው አባት እንደሚመስለኝ ነገርኳቸው። እንደ አገሬ ሰው ተደንቄ "ኧረግ!" ስል ከኋላ አንድ ጎረምሳ አፉን ይዞ ተንፈቀፈቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ይሄኛው ያው የዶርሙ ሳቅ ነው። አወቅሁት። ድሮ ቢሆን እዚያው ላይ "ማለቴ..." ብዬ አስተካክል ነበር።

"ሳቅ ልጄ፣ ጥርስ የተሠራው ለዚያ ነው" አልኩት። "እኔ ግን አልጨረስኩም።" እስኪጨርሱ ቆምኩ። ከዚያ ኧረግን ደገምኩት፣ ከፊተኛው አስረዝሜ።

ሃና አጨበጨበች። የምሯን ይሁን ለወጉ አላወቅኩም። ደስ ያላላቸውም ነበሩ፤ አንዷ ሴትዮ "ልጆቹን ግራ ማጋባት ነው" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ትበል።

ባቡር ላይ ባንቹ መስኮት ጋ ተቀመጠች። ሦስት ፌርማታ አለፍን። ከዚያ በአማርኛ፣ ከሦስት ወር በኋላ በአማርኛ!

"እማ፣ አፈርሽ?"

"አላፈርኩም።"

"እግርሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

"እግሬ የራሱ ጉዳይ ነው። አፌ ተንቀጠቀጠ?"

አሰበችበት። "አልተንቀጠቀጠም" አለች።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ስልክ ግን አሁንም እምቢ። "ስንሄድ አወራቸዋለሁ" አለች። ልመናት?

ሐምሌ 6፣ እሑድ፣ ጎንደር

ገባን። ዝናብ። ክንዱ ቤት ነው ያለነው። የክንዱ ልጆች ባንቹን ከበው "እስቲ ስዊድንኛ ተናገሪ" ይሏታል። ራሷን ትነቀንቃለች። አማርኛውም የለ፣ ስዊድንኛውም የለ። ሄለን አንዱንም ሳትለይ በሁለቱም ትጮኻለች።

ወደ አምባ ጊዮርጊስ ያለው መንገድ ሰሞኑን ተዘግቶ ነበር አሉ። ዛሬ መኪና እየወጣ ነው። ዳኛው "ብንጠብቅስ?" አለ። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ አልኩት።

የሰኔ ጾም ስላለፈ ለእኛ በግ ታስሯል አለ ክንዱ። ስለ አባቴ ሌላ ነገር ስጠይቀው ግን ዓይኑን ይሰብራል። ፈራሁ። በስልክ ያ ባዳ አነጋገር... አእምሯቸው እየደከመ ይሆን? ልጄ አፏን ስትከፍት እሳቸው የማያውቋት ቢሆኑስ?

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ፣ አምባ ጊዮርጊስ

እጄ እየበረደው ነው የምጽፈው። ልጻፈው ግን፣ ሳይበርድ።

ከክንዱ ጋር የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሲቆም አባቴ መናኸሪያው ዳር፣ በጃንጥላ። ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ነበር አሉ። አዲስ ጋቢ፣ የታጠበ ጫማ ጭቃው ውስጥ። አጠሩብኝ። ወይስ እኔ ነኝ የረሳሁት? ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አነሡኝ፣ ሁለታችንም አለቀስን፣ ሄለን "ምን ሆናችሁ?" ትላለች።

ከዚያ ዕንባቸውን ጠርገው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ባንቺአየሁ ፊት ቆሙ። እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንኳን በደህና መጣሽ። ጉዞሽ እንዴት ነበር? ለምን ዘገያችሁ? አንቺ በጣም ጥሩ ልጅ ነሽ። እኔም በጥሩ ሁኔታ ላይ እገኛለሁ።"

ክንዱን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ነግሯቸዋል! ልጅቷ ባላገር አነጋገር ታፍራለች ብሎ ነግሯቸዋል። በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ አራት ወር ሙሉ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሲያጠኑ ከርመዋል፤ የልጅ ልጃቸውን እንዳያሳፍሩ። አባቴ ሸጋን ራሳቸው ሰረዙት። ጮክ ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ባንቹ ቀደመችኝ። ግንባሯን ቋጥራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እኔን ቁጭ!

"ምነው አያ! ጥሩ ምንድን ነው? ሸጋ በሉ እንጂ!"

አባቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ ክንዱን፣ አንዴ እኔን አዩ።

"ኧረግ!" አሉ። "ኧረግ፣ ይቺ ልጅ! ይባላል እንዴ?"

"ይባላል። አንቱ ካላሉት ማን ይላል? በሉ፣ ሸጋ።"

ዝናቡ ጃንጥላውን ይደበድባል። ተሳፋሪው ዕቃውን ትቶ ከቦናል። አባቴ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

"ሸጋ" አሉ። "ሸጋ ልጅ።"

"ጎበዝ!" አለቻቸው።