ከተማ ዳር ስላየሁት ቤት

እታለም፣

አባባ መድኃኒታቸውን ወስደዋል። ሾርባው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂላቸው። ሊፍቱ ዛሬም እንዳልተሠራ ጉልበትሽ ነግሮሻል።

ትናንት ከዳቦ ቤት ስወጣ ከተማ ዳር ያለውን ቤት ብቻዬን ሄጄ አየሁት። እውነትሽን ነው፣ ደረጃ የለውም። በሩን ከፍተሽ ስትወጪ ግቢው ላይ ነሽ፤ ጥላ ያለው ዛፍም አለ። አባባ ማንም ሳይሸከማቸው፣ በገዛ እግራቸው ወጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

ግን ከዚያ የሚነሳው የመጀመሪያው አውቶቡስ እዚህ የሚደርሰው የጠዋቱ ዳቦ ከምድጃ ከወጣ በኋላ ነው። ከሄድን ሥራዬን መተው አለብኝ፤ ባንቺ ደመወዝ ብቻ ደግሞ ያንን ቤት አንችለውም። «እዚያው ሥራ ፈልግ» እንደምትይ አውቃለሁ። ዳቦ ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞሬ ጠየቅኩ፤ ሰው የሚፈልግ የለም።

ስለዚህ ለቤቱ ባለቤት እንደማንከራየው ቁርጡን ነገርኩት። ቤቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል።

ሳላማክርሽ ማድረጌ ያናድድሽ ይሆናል። አንቺም ነገሩ ያለቀ አስመስለሽ ለአባባ ስታወሪላቸው አላማከርሽኝም።

ዛሬ ስነሳ ጫማቸውን አጥልቀው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ዛሬ ነው የምንሄደው?» አሉኝ።

«እታለም ስትመጣ ትነግርዎታለች» አልኳቸው።

ጫማውን ላወልቅላቸው ብል እምቢ አሉኝ። እውነቱን ሳልነግራቸው ወጣሁ። አንቺ ነርስ ነሽ፣ ለስንቱ ቤተሰብ ስንት ክፉ ወሬ ነግረሻል። ንገሪያቸው።

እኔ ዛሬ አመሻለሁ።