ሠላሳ አንድ ተማሪ በአንድ ድምፅ ስለመረጠዎት እንኳን ደስ ያለዎት

ይድረስ ለክቡር ዶሴንት ዶክተር ኦግኒያን ቼሽሜጂዬቭ፤
የሰሜን ድልድይ የንግድ አካዳሚ የትምህርት ጉዳዮች ምክትል ዲን፤
ቪዲን።

ክቡርነትዎ፣ ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ የምግብ ፍላጎትዎ የተከፈተ፣ የቢሮዎም ማሞቂያ እንደ ሁልጊዜው የጋለ ሆኖ እንድታገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ስቶያንካ ሚንቸቫ፣ ከድልድዩ መግቢያ ፊት ለፊት ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሾርባ የምቀቅል፣ ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ሴት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ብቻም አይደለሁ፤ ይኸው ከሰኞ ጀምሮ ደስታ አላስቀምጥ ብሎኛል። የደስታዬን ምክንያት በቃል ላስረዳዎት ሁለት ጊዜ በርዎ ላይ ቆሜ ስላልተሳካልኝ፣ ከተማው ሁሉ እንዲያነበው ለጋዜጣ ሰጥቼዋለሁ፤ አንድ ቅጂም በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ፣ እርስዎ ካወጡት የምስጋና ማስታወቂያ አጠገብ ለጥፌልዎታለሁ።

እንግዲህ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት። «የባህል ልዩነት በዓለም አቀፍ ንግድ» የሚባለውን የራስዎን ኮርስ ዘንድሮ ሠላሳ አንድ የማስተርስ ተማሪዎች እንደመረጡት፣ ማለትም የዓለም አቀፍ ንግድ ክፍል አንድም ሳይቀር እንደመረጠዎት፣ ለዚህም «ታሪካዊ ፍላጎት» ልብዎ እንደተነካ ማስታወቂያዎ ይናገራል። ከሠላሳ አንድ ሠላሳ አንድ! እንዲህ ያለ ውጤት ያየሁት ልጅ ሳለሁ፣ በድሮው የኮሚኒስት መንግሥት ጊዜ፣ አባቴ ክራቫቱን አስሮ ድምፅ ሊሰጥ ሲሄድ ነው፤ ያኔም ቢሆን አንድ ሁለት ሰው ታምሞ ይቀር ነበር።

ከሠላሳ አንዱ አንዷ ልጄ ዝላቲና ናት። እርስዎን ብላ አልነበረም የገባችው፤ የገባችው ለጉምሩክ ኮርሱ ነበር። ከዳንዩብ ወንዝ ማዶ፣ ካላፋት ላይ፣ የጭነት ማመላለሻ ቢሮ ያላቸው አቶ ሊቪዩ የሚባሉ ሮማኒያዊ አሉ፤ ምሳቸውን እኔ ጋ ነው የሚበሉት። ባለፈው ክረምት ልጄን አስቀምጠው እንዲህ አሏት፦ «ቋንቋሽ ጥሩ፣ ጭንቅላትሽ ጥሩ። የጉምሩክ ኮርስ የተጻፈበት ወረቀት ሰኔ ላይ ይዘሽልኝ ነይና ወንበሩ ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ግን የእህቴን ልጅ መቅጠሬ ነው፤ እሱ ደግሞ ደደብ ነው፣ አደራሽን አታስገድጂኝ።» ወንድሟ ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። የልጅ ልጄን የማውቀው በስልክ ነው። ዝላቲና ይህን ሥራ ካገኘች ጠዋት በድልድዩ ሄዳ ማታ ቤቷ ትገባለች፤ ካላገኘች ለሽቱትጋርት አውቶቡስ ቦታ መያዟ ነው፣ ነግራኛለች። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ኮርስ ቢመስልም፣ የምጽፈው ቤቴ ውስጥ ስለቀረችኝ ስለ አንዲት ልጅ ነው። ይህን ከያዙልኝ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ስላየሁ።

አንደኛ፦ ተማሪዎቹ ከስድስት የምርጫ ኮርሶች አንዱን እንዲያገኙ አዲሱ ሲስተምዎ ላይ «ለእያንዳንዱ ኮርስ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይስጡ» የምትል አንዲት መስመር አስቀመጡላቸው። ከዚያ ውጭ ምንም። ስድስት ምን ማለት እንደሆነ፣ አንድ ምን ማለት እንደሆነ፣ አንዲት ቃል የለም። ለዚህ ቁጠባዎ እናመሰግናለን፤ ቀለሙ ይተርፋል።

ሁለተኛ፦ ውጤቱ ሲወጣ የጉምሩክ ኮርስ ሁለት ተማሪ ብቻ ደረሰው። ከአሥር ሰው በታች የያዘ ኮርስ ይዘጋል የሚል ደንብ ስላለዎት ዘጉት። የቀሩትን አራቱንም እንዲሁ ዘጉና ሁሉንም ልጆች ጠራርገው ወደ ራስዎ አዳራሽ አስገቧቸው። የኮርሱ መምህር ኢንጂነር ትሳንኮቭ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ጉምሩክ ያገለገሉ፣ ዲክላራሲዮን የሚባለውን የዕቃ ቅጽ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሞሉ ሰው፣ «የሚፈልግዎት ተማሪ የለም» ተብሎ በሁለት መስመር ደብዳቤ ተነገራቸው። በማግስቱ እኔ ጋ መጥተው ሾርባውን ሳይነኩ «ስቶያንካ፣ ለካ ያለፈብኝ ሰው ነኝ» ሲሉ እኔ ማንኪያዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ይህን ለእርስዎ መንገር ያለብኝ ይመስለኛል፤ ማስታወቂያው ላይ ስላልተጻፈ።

ሦስተኛ፦ ልጄ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስትሄድ፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ዲሚትሪና፣ ጸባየ ሸጋ ሴት ናቸው፣ አልቀየምኳቸውም፣ «ሲስተሙ አይሳሳትም» አሏት። «ማን ነው የማይሳሳት ያለው?» ብትላቸው «ሲስተሙ ራሱ፤ ስህተት የለም ብሎ በአረንጓዴ ጽፏል» አሏት። ይህን ያህል በራሱ የሚተማመን ነገር እኔ ያየሁት ከቀድሞ ባሌ ሌላ የለም።

አሁን ወደ ደስታዬ እመጣለሁ፤ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ወሬ እንደማበዛ አውቃለሁ።

እኔ ጋ ግድግዳው ላይ የምስጋናና የቅሬታ መዝገብ በገመድ ተንጠልጥሏል። የዛሬ ሦስት ዓመት ዲትማር የሚባል ጀርመናዊ ሾፌር ሁለት ሳህን የጨጓራ ሾርባ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ ጨርሶ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ፣ መዝገቡን አወረደና ገጹን የሚሞላ «1» ጻፈበት። ከሥሩም አሰመረበት! ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት እኛ አገር ትምህርት ቤት ስድስት የጎበዝ ነው፤ የወደቀ ልጅ እንኳ ሁለት ይሰጠዋል፤ «አንድ» ጭራሽ ሰው ላይ የሚጻፍ ቁጥር አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ ሲመጣ ከድስቱ ሥር የቀረውን፣ ያለ ነጭ ሽንኩርት፣ ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጌ አስቀመጥኩለት።

«እትዬ ስቶያንካ፣ ዛሬ ምን አጠፋሁ?»

«አንድ ለሰጠ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም!»

ሰውየው ራሱን ይዞ፣ «እኛ ጋ እኮ አንድ ከሁሉ በላይ ናት! ስድስት ነው የሰነፍ!» ሲል፣ አጠገቡ የነበረው ቱርካዊው ሬምዚ ሳቀና «በል እንግዲህ፣ ለሚቀጥለው ስድስት ጻፍላትና በሰላም ብላ» አለው። እኔም ሌላ ሳህን ከነነጭ ሽንኩርቱ በነፃ ሰጠሁት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የየት አገር ቁጥር እንደሆነ እንዲጻፍ አዝዣለሁ። ይህን ለማወቅ ማስተርስ አላስፈለገኝም፤ አንድ የጨጓራ ሾርባ በቃኝ።

እናም ሰኞ ቀትር ላይ ዝላቲና ወጥ ቤቴ ገብታ የውጤት ወረቀቷን ይዛ ስታለቅስ ጠየቅኋት።

«ይሄ ሲስተማችሁ የየት አገር ነው?»

«የጀርመን ነው፣ እማዬ። ምን ያደርግልሻል?»

«ለጉምሩክ ስንት ሰጠሽው?»

«ስድስት! ስንት ልስጠው ታዲያ?»

«ለዶሴንቱስ ኮርስ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንድ» አለች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ መሳቅ ጀመረች። እኔማ ጭልፋዬን ጣልኩት።

ወደ ጓደኞቿ ደወለች። ለጉምሩክ ስድስት የሰጡት ሃያ ሰባት ናቸው። ሲስተሙ ይህን ሃያ ሰባቱም ከልብ ጠሉት ብሎ አነበበው። እና ክቡርነትዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለእርስዎ ኮርስ አንድ የሰጡት ሃያ አራት ናቸው። ያ ልብዎን የነካው ታሪካዊ ፍላጎት ይኸው ነው። ሲስተሙ የት እንደተሠራ እያወቁ፣ የጀርመንኛው መመሪያ ከነማሸጊያው በወይዘሮ ዲሚትሪና መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድና ስድስት በየአገሩ የተለያየ ትርጉም እንዳላቸው የጠፋበት ማን ነው? «የባህል ልዩነት በዓለም አቀፍ ንግድ»ን አሥራ አራት ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። እኔ እዚህ ላይ የምለው የለኝም። እርስዎ ራስዎ ሁሉን ብለውታል።

አራተኛውና የሚያናድደኝ ግን ስህተቱ አይደለም። ስህተት ማንም ይሠራል፤ እኔም በስኳር ፋንታ ጨው የጨመርኩበት ቀን አለ። ማክሰኞ ኮሪደር ላይ አግኝቼዎት ይህንኑ ስነግርዎት፣ ሰዓትዎን እያዩ «እመቤቴ፣ ተማሪዎች የሚፈልጉትን አያውቁም፤ ሲስተሙ ያውቃል» ብለውኝ በሩን ዘጉት። ሰምተውኛል። ገብቶዎታል ደግሞ፤ ጆሮዎ ሲቀላ አይቻለሁ። ገብቶዎት ሳለ ግን ሠላሳ አንድ ሰው የሞላበት አዳራሽ ጣፈጠዎት፣ ማስታወቂያውን ማውረድ አሳፈረዎት፣ ለእርስዎ እፍረት ደግሞ የእኔ ልጅ በአውቶቡስ ትሂድ ተባለ። ይህን ነው ይቅር የማልለው፤ ለዚህም በጨዋ ቋንቋ የሚጻፍ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ።

የምርጫ ማስተካከያ ጊዜው ዓርብ ያበቃል። ጉምሩክ ደግሞ በዓመት አንዴ የሚሰጥ ኮርስ ነው። ስለዚህ ድካምዎን ለማቅለል የሚከተለውን አዘጋጅቼልዎታለሁ። የሃያ ሰባት ተማሪ ፊርማ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ እያንዳንዱ ከፊርማው አጠገብ በፊደል «ጉምሩክን እፈልጋለሁ» ብሎ ጽፏል፣ በቁጥር የተጻፈ አንድም ነገር የለበትም። ኢንጂነር ትሳንኮቭን ከወይን እርሻቸው ድረስ ሄጄ አምጥቻቸዋለሁ፤ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ ሲያነቡ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ወለወሉ፤ ሰኞ አመሻሽ በአሥራ አንድ ሰዓት ለማስተማር ተስማምተዋል። አዳራሽ ከሌለዎት የእኔ ምግብ ቤት አርባ ወንበር አለው፤ በመስኮቱ ጉምሩክ ራሱ ይታያል። መምህር አለ፣ ተማሪ አለ፣ ወንበር አለ። የጎደለው የእርስዎ ማኅተም ነው፤ እሱም ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፣ እጅዎ ካልተንቀጠቀጠ።

በሥራ ብዛት እየተጨናነቁ ይህን ሁሉ ስላነበቡልኝ፣ በሩን ሲዘጉም እግሬን ስላልቀጠቀጡብኝ፣ ምስጋናዬ ከዳንዩብ ስፋት አያንስም። ዕድሜዎ እንደ ድልድዩ ወረፋ ይርዘም፤ ዓርብ ግን እስከ ሥራ መውጫ ብቻ ነው የምንጠብቅዎት።

ሾርባ ሊቀምሱ በመጡ ጊዜ ሁሉ በአክብሮት የምታስተናግድዎት፣
ስቶያንካ ሚንቸቫ፤
የዝላቲና እናት።

ማስታወሻ፦ በጥር ወር ተማሪዎች መምህራኖቻቸውን በዚሁ በማይሳሳተው ሲስተም ከ1 እስከ 6 እንደሚመዝኑና ውጤቱ በቀጥታ ወደ ዋና ከተማ፣ ለመዛኙ ኮሚቴ እንደሚሄድ ወይዘሮ ዲሚትሪና ነግረውኛል። ዓርብ ማኅተሙ ካልተመታ አይስጉ፤ ልጆቹን ሰብስቤ መክሬያቸዋለሁ። ሠላሳ አንዱም በደስታ ስድስት ሊሰጡዎት ቃል ገብተዋል።