በሰንበት የተጠየቀ እሳት

ዲላ፣ ሐምሌ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ጀንበሬ፤

እንዴት ሰነበቱ? የእናታችን ጉልበት ተሻላቸው ወይ? እኔ አለሁ።

ልጅዎ ወለላ ዐርፋለች። ቶሎ እንዳልጽፍ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው አጣሁ። አሁን ነጋዴው ኡስማን ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬያለሁ።

ጣልያን የመንገድ ሠራተኞቹን ዶማ እንድቀጠቅጥ ወደዚህ ካመጣን ወዲህ፣ በዲላ ከቤተ እስራኤል ወገን ከእኛ በቀር ማንም የለም። ሰዉ ክፉ አይደለም፤ ግን ይጠይቃል። «ሥጋችንን ለምን አትበሉም? ቅዳሜ ለምን እሳት አታነዱም?» ይሉናል። እርስዎ እንዳስተማሩን «የኦሪት ሕግ ነው» እንላለን።

ወለላ በሰኔ ሴት ልጅ ወለደች። ሰማንያ ቀን የምትቆይበትን የአራስ ጎጆ ከጓሮ ሠራሁላት። በእንሰት ቅጠል ከደንኩት፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርኩ። ሕጉ ስለማይፈቅድልኝ ድንጋዩን ሳላልፍ ምግቧን አጠገቡ አስቀምጬ እመለስ ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ አልጋነሽ ክርስቲያን ናቸው። «አራስ በዚህ ዝናብ ውጭ ታድራለች?» ብለው ተቆጡኝ። ወለላ ከውስጥ ሆና «እኔም የተወለድኩት እንዲሁ ነው» አለቻቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ትኩሳት ያዛት። ቅዳሜ ከጧት ጀምሮ ዘነበ፤ ጎጆው አፈሰሰ።

«ጓንጉል፣ በረደኝ። ትንሽ እሳት አምጣልኝ» አለች።

ድንጋዩ ጋ ቆሜ «ሰንበት ነው፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ታገሺ» አልኳት።

«እሺ» አለች።

ጋቢዬን ወረወርኩላት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ፀሐይዋን ስጠብቅ ዋልኩ። ደመና ስለነበረ መጥለቋ በቅጡ አይታወቅም፤ እንዳልሳሳት ብዬ ትንሽ ደግሞ ቆየሁ። በኋላ ወይዘሮ አልጋነሽ ከጪጩ ገበያ ሲመለሱ ከቤታቸው ፍም ተቀብዬ መጣሁ። ብጠራት ዝም አለች። ወይዘሮዋ ቀድመውኝ ገቡና ሕፃኗን ታቅፈው ወጡ።

«እንግዲህ ግባ» አሉኝ።

ገባሁ።

አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ ከቡና ማሳቸው ጥግ ቦታ ሰጡን፤ እዚያ ቀበርናት። ኡስማንና የመንገድ ሠራተኞቹ ቆፈሩ። ጸሎቱን እኔ አደረስኩ። መካከሉ ስለጠፋብኝ የማስታውሰውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። አላለቀስኩም። ሰባት ቀን ተቀምጬ በስምንተኛው ሥራ ገባሁ።

አሁን የምጠይቅዎ አለ። ሬሳ የነካ ሰው በአመድ ውኃ ይረጫል፤ እዚህ የሚረጨኝ ቄስ የለም። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ወንዝ ወርጄ ታጠብኩ። ይበቃል? ተዝካሯንስ ክርስቲያንና እስላም ጠርቼ ባወጣ ይቈጠርላታል?

ሕፃኗ ደኅና ናት። ወይዘሮ አልጋነሽ የራሳቸውን ልጅ ገና ጡት ስላላስጣሉ እሷንም ያጠቧታል። ይህን ይፈቀዳል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅም። ስም ግን እርስዎ ያውጡላት።

አንድ ነገር ቀረኝ። የታመመ ሰው በሰንበት ቢበርደው እሳት ማንደድ ይፈቀዳል? ሕጉን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። አይፈቀድም ከሆነ ይጻፉልኝ። የሚፈቀድ ከነበረ ግን መልሱን አይላኩልኝ።

የእስራኤል አምላክ ደጃችሁን ይጠብቅ፤ እናታችንን ያጽናልን።

የወለላ ባል
ልጅዎ ጓንጉል